ዋስ የሌለው ልጅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ዋስ እንነጋገር። ጣቢያ ታስሮ ፍርዱን ስለሚጠብቅ ልጅ ዋስ ማለቴ ነው።

እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ዕቃ የሚሸከሙ ልጆች አሉ። ከገጠር የመጡ፣ በረንዳ የሚያድሩ። ስልክ ሲሰረቅ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ልጁ ሰርቆ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ገና አልታወቀም። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ ጥፋቱም በፍርድ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ ይቆጠር ይላል። ግን ምርመራው አላለቀም ከተባለ ጊዜ ቀጠሮ ይጠየቃል፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን፣ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሊጠየቅ ይችላል። ዋስትና ሲፈቀድ ዘመድ ያለው በመታወቂያ ዋስ ወይም ገንዘብ አስይዞ ይወጣል። ዘመድ የሌለው እዚያው ይቀራል። የቀረው ጥፋቱ ስለበዛ አይደለም፣ ሰው ስላጣ ነው።

አሁን ዘፍጥረት 44ን ክፈቱ። ብንያም የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። የዮሴፍ የብር ጽዋ ከእሱ ስልቻ ወጣ። ዛሬ ቢሆን «ኤግዚቢቱ እጁ ላይ ተገኝቷል» ተብሎ መዝገቡ ላይ ይጻፍ ነበር፣ ሰፈሩም ሌባ ብሎ ይጨርሰው ነበር። ልጁ ግን አልሰረቀም። ጽዋውን ስልቻው ውስጥ ያስገባው ሌላ ሰው ነው። ይሁዳ ይህን አያውቅም! እሱ የሚያውቀው ስለ ወንድሙ ስለ ብንያም ለአባታቸው ዋስ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀርቦ «ልጁ ይሂድ፣ እኔ በእሱ ፈንታ ባሪያ ልሁን» አለ። ያውም ያ ይሁዳ ዮሴፍን እንሽጠው ብሎ የመከረው ሰው ነው። ይህን ክፍል ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይነካል።

አንዳንዶቻችሁ ምሳሌ 11፥15ን እንደምትጠቅሱልኝ አውቃለሁ፤ ለማያውቀው ሰው የሚዋስ መከራ ያገኘዋል ይላል። እውነት ነው። ልጁ ቢጠፋ ያስያዛችሁት ገንዘብ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ እንወቀው የምለው። ዳቦና ውሃ ይዘን እንሂድ፣ ስሙን እንጠይቅ፣ እናቱ የት እንዳለች እንጠይቅ፣ ደውለን እናገናኘው። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ዋስትና ጽዋ ማኅበራችን ተጋግዞ ይችለዋል። ደግሞስ እኛ ራሳችን በማን ዋስትና ቆምን? ዕብራውያን 7፥22 ኢየሱስ ለሚሻል ኪዳን ዋስ እንደሆነ ይነግረናል። እሱ ንጹሕ መሆናችንን አጣርቶ አልተዋሰንም።

ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ደግሞ ሕጉ ይራራል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ አንቀጽ 172፣ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ሲቀጠር ልጁ ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ ይሰጥ ይላል፤ እነሱ ከሌሉ በቀጠሮው ቀን ለሚያቀርበው እምነት የሚጣልበት ሰው። ያ ሰው ከመካከላችን ይጥፋ?

ልጁ ሙስሊም ቢሆንስ የምትሉ፣ ድሬ ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም።

ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ስንወጣ የምናስበው ታስረው እሳት ውስጥ የተጣሉትን ሦስቱን ወጣቶች ነው። ከስለታችን ላይ ጥቂት ለአንድ ልጅ ዋስትና ብናስቀምጥ ቅዱስ ገብርኤል ደስ የሚለው ይመስለኛል።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ጣቢያ እንሄዳለን። የልጁ ዕድሜ አከራካሪ ከሆነና የተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን ከታወቀ የክርስትና ምስክር ወረቀቱን ፈልጉለት፣ ሊረዳው ይችላል። ዋስ ለመሆን የምታስቡ መታወቂያችሁን ከአሁኑ እዩት፤ ጊዜው ካለፈ ቀበሌ ሄዳችሁ አሳድሱ።