ፒክአፕ በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ከጭነት ሥራ እስከ ሐይቅ ዳር

በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በገላንና በዱከም ፒክአፕ ከሁሉ በፊት የሥራ መኪና ነው። ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ጭድና አጠና ይጭናል፤ ለበዓል ደግሞ በግ። አልፎ አልፎ ግን ያው መኪና ቅዳሜ ማለዳ ካሶኒው ታጥቦ፣ ድንኳን፣ የማጥመጃ ዘንግና ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ተጭኖበት በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ቆላው ሲወርድ ይታያል። ልማዱ ገና የጥቂቶች ነው። የሚጠቀምበት ዘዴ ግን አዲስ አይደለም፤ ጭነት ማሰር፣ መጎተትና ጭቃ መውጣት የከተማዋ ዳርቻ ሾፌሮች የዕለት ሙያ ነው።

ለዚህ ጉዞ ፒክአፕ የግድ ያስፈልጋል ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ለአብዛኛው መንገድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተውን፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የቤት አውቶሞቢልም ያለ ችግር ይሄድበታል። ፒክአፑ ዋጋውን የሚያወጣው አስፋልቱ አልቆ ውሃው እስኪደረስ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው።

የመኪናው ዓይነት ብዙ አያከራክርም። ቶዮታ ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚመረት ሲሆን በኢትዮጵያ የፒክአፕ ሌላ ስም እስኪመስል ድረስ ተለምዷል። ኢሱዙ ዲማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200፣ ኒሳንና ፎርድ ሬንጀርም አሉ። ዋናው ምርጫ በነጠላ ጋቢናና በደብል ጋቢና መካከል ነው። የነጠላው ካሶኒ ከሁለት ሜትር በላይ ስለሚረዝም ረጅም ዕቃ ይችላል፤ ቤተሰብ ግን አይይዝም። ደብል ጋቢናው አምስት ሰው አስቀምጦ ካሶኒው ወደ አንድ ሜትር ተኩል ያጥርበታል። የተረፈውን ሰው ካሶኒ ላይ መጫን ደግሞ ከአደጋውም በላይ የትራፊክ ቅጣት አለው።

በሁለቱም ላይ የኋላው ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ) የተሠራው ለአንድ ቶን ገደማ ጭነት ነው። በመሆኑም ባዶውን በኮረኮንች ሲሄድ ይዘልላል፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወገቡን ይዞ ቢያማርር እውነቱን ነው። ድንኳን፣ የውሃ ጀሪካንና የምግብ ሳጥን ሲጫንበት መኪናው ራሱ ይረጋጋል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2024 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንዲህ ባለ ገበያ ሰው ያለውን መኪና እየጠገነ ማቆየትን ይመርጣል፤ የሃይሉክስ መለዋወጫ ደግሞ በየጋራዡ አይጠፋም።

ከአዲስ አበባ ወደ ውሃ የሚወስደው ዋናው አቅጣጫ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ቢሾፍቱ 47 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ሆራ፣ ባቦጋያና የከተማዋን ስም የያዘው ቢሾፍቱ ሐይቅ በጥንት እሳተ ገሞራ አፎች ውስጥ የተኙ ናቸው። አፈጣጠራቸው ለጀልባ ቀዛፊ ትርጉም አለው። ዳራቸው ገደል ነው፣ ውሃውም ከዳር ጥቂት ራቅ ሲሉ ወዲያው ይጠልቃል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቅ ቦታ 87 ሜትር፣ የባቦጋያ 65 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ እዚህ ሁለት ዲፈረንሻል ያለው (አራቱም ጎማ የሚገፋ) መኪናም ከገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ካያኩ በሁለት ሰው ትከሻ ይወርዳል፣ የሐይቅ ዳር ሆቴሎችን መውረጃ መጠቀምም ይቻላል። ዋና የማይችል ሰው ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት እዚህ ውሃ ላይ መውጣት የለበትም። ሆራ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ሐይቅ ስለሆነ በመስከረም ማብቂያ አካባቢ የሽርሽር ቦታ አድርጎ ማሰብ አይገባም።

ከሞጆ አለፍ ብሎ ቆቃ ይመጣል። በአዋሽ ወንዝ ላይ ግድቡ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጠናቀቅ የተፈጠረ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። እንደ ቢሾፍቱዎቹ አይደለም፤ ዳሩ ለጥ ያለ ሜዳ ሲሆን ውሃው በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይሸሻል። ባለፈው ወር መኪና የቆመበት ቦታ በሚቀጥለው ረግረግ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እምቦጭም አለ፤ አረሙ በአገሪቱ መኖሩ ከተመዘገበባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ቆቃ ነው፣ ዘመኑም 1960ዎቹ እ.ኤ.አ.። ጉማሬና አዞ ስላሉ በቆቃ ላይ በካያክ መውጣትን ይህ ጸሐፊ ለማንም አይመክርም፤ ዘንግ ይዞ ከዳር መቀመጥ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ባቱ (ዝዋይ) እና ላንጋኖ ሐይቆች ይከተላሉ። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆን የታወቀ ነው፤ የ200 ኪሎ ሜትሩን ጉዞ የሚያካክስ ሲሆን ዳሩም አሸዋ ስለሆነ ካያክ ማውረድ ቀላል ነው።

በከተማዋ አጠገብ ያሉት ውሃዎች ደግሞ ለዚህ አይሆኑም። ገፈርሳና ለገዳዲ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ናቸው። አባ ሳሙኤል፣ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች የአንዱ ሐይቅ፣ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ቆሻሻ ይዘው የሚገቡበት ነው። ከእሱ የወጣ ዓሣ ወደ ድስት ባይገባ ይሻላል።

አሁን ወደ ጭቃው። ከዱከም እስከ ሞጆ፣ በሰንዳፋ በኩልም እንዲሁ፣ ምድሩ መረሬ ነው፤ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲነካው ያብጥና እንደ ሊጥ ይጣበቃል። የጎማው ጥርስ በደቂቃ ውስጥ ይሞላና መኪናው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ብዙ ሰው ሁለተኛው ዲፈረንሻል ሁሉን የሚያወጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የሚነክስ ጎማ ከሌለ አራቱም አብረው ይሽከረከራሉ፣ መኪናውም በሆዱ ይተኛል። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ ጭቃው ከመድረሱ በፊት ዲፈረንሻሉን ማስገባት፣ የጎማ ነፋስ ጥቂት መቀነስ፣ በአንድ ማርሽ ሳይቆሙና ነዳጅ ሳይረግጡ ማለፍ። ከተቀረቀረ ደግሞ ነዳጅ መርገጥ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ድንጋይና ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር ማስገባት፣ ካልሆነም ትራክተር ወይም ጥንድ በሬ ያለው ገበሬ መለመን ይቀራል። የገበሬውን ማሳ አቋርጦ ጭቃውን ለማለፍ መሞከር ነውር ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ለሚቀበለው ፊት ተጠያቂው የቀደመው ነው።

በካቦ መጎተት የራሱ አደጋ አለው። የተወጠረ የብረት ካቦ ከተበጠሰ እንደ ጅራፍ ይመለሳል። ልምድ ያለው ሾፌር መሐሉ ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ጆንያ ይጥልበታል፣ ሰውንም ያርቃል፤ ካቦውንም ከመከላከያው ሳይሆን ከሻንሲው መንጠቆ ያስራል።

ካያክ ማሰርን በተመለከተ አጠና ጭኖ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ተምሯል። የመዝናኛ ካያክ ሦስት ሜትር ገደማ ሲረዝም ክብደቱ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ነው፤ ችግሩ ርዝመቱ እንጂ ክብደቱ አይደለም። በደብል ጋቢና ካሶኒ ውስጥ ብቻ ቢጋደም ግማሹ ከኋላ ይንጠለጠላል። ስለዚህ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሥቶ ከጋቢናው በላይ ባለው ፖርቶመጋላ ላይ ይደገፋል፣ ጭራው ከኋላው ስፖንዳ (የካሶኒው መዝጊያ) ጋር ይታሰራል። ጠፍር ቀበቶ ከገመድ ይሻላል፤ ነገር ግን ካያኩ ፕላስቲክ ነውና ፀሐይ ላይ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይጎብጣል። ከሥሩ ያረጀ ፍራሽ ቢደረግ አይፋቅም። የጭራው ቀይ ጨርቅም አይረሳ፤ አጠናው ላይ የሚታሰረው ያው ነው። በፍጥነት መንገድ ላይ የጎን ነፋስ አፍንጫውን ሲመታ መኪናው ስለሚገፋ፣ ከፊት በኩል ወደ ታች የሚይዝ አንድ ተጨማሪ ማሰሪያ ያስፈልጋል።

ተሳቢ በዚህ አካባቢ ለሽርሽር ብዙም አይታይም። አንድ ፒክአፕ በዕድሜው በብዛት የሚጎትተው ሌላ የቆመ መኪና ነው። ጀልባ ወይም የውሃ ቦቴ የሚጎትት ሰው ግን ሁለት ነገር ይወቅ። አዲሶቹ የናፍጣ ሃይሉክሶች ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 3.5 ቶን እንዲጎትቱ ቢፈቀድላቸውም፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ገደቡ 750 ኪሎ ነው። ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር ገደማ፣ ቆቃ በ1,600 ገደማ ላይ ናቸው፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ የተደሰተ ሾፌር ማታ ሽቅብ ሲመለስ ያዝናል። ቁልቁለቱንም በፍሬን ብቻ መያዝ ፍሬኑን ያግለዋል፤ በትንሽ ማርሽ መውረድ የቆየ ብልሃት ነው። በተሳቢው ላይ ክብደቱ ከአክሱሉ ወደ ፊት ካላደላ ጭራው መወዛወዝ ይጀምራል።

ከቆቃና ከባቱ የሚወጣው ቆሮሶ፣ አምባዛና ከውጭ የገባው ካርፕ ነው። ለቆሮሶ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆና የምድር ትል ይበቃል፤ አምባዛ ሲመሽ ይነክሳል፣ ክሩም ወፈር ማለት አለበት። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣ ወዲህ ማስገር በሕግ የሚመራ ሥራ ስለሆነ፣ ከመጣልዎ በፊት የአካባቢውን የአሥጋሪዎች ማኅበር መጠየቅ ይበጃል። በባቱ ዳር አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች የዓሣ ሆድቃ ለመሻማት ስለሚሰለፉ ማጽዳቱን እዚያው መጨረስ ይቻላል። ይህ ለመኪናውም ይጠቅማል። የዓሣ ውሃ ካሶኒ ውስጥ አንድ ቀን ካደረ ሽታው በቀጣዩ ሳምንት ከሚጫነው ጤፍ ጋር አይስማማም፤ የተፋቀ ቀለም ካገኘም ዝገት ይጀምራል። ዓሣው በበረዶ በክዳን ሳጥን፣ ካሶኒው በሳሙናና በብዙ ውሃ። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ባይፈታም፣ በዚያ ወቅት ገዢ አይጠፋም።

ለማደር ቅርቡ መናገሻ ሱባ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ጥንታዊ የጥድ ደን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ ይነገራል። ከሰበታ በኩል የሚወጣው መንገድ ድንጋያማ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ይወዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጋቢ ብቻውን አይበቃም። ካሶኒ ላይ መተኛት የሚያምረው ስፖንዳውን ዘርግቶ እግሩን ለሚያስቀምጥ አጭር ሰው ነው፤ ረጅሙ መሬት ላይ ድንኳን ይትከል። የምግብ ትርፍራፊ ጋቢና ውስጥ ይቆለፍ፣ ጅብ ሳይጋበዝ ይመጣል። ከመድረስ በፊት የደኑን ጥበቃ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ የቀበሌውን ሰው ማነጋገር የግድ ነው፤ ሳይታወቅ የቆመ መኪና ለአካባቢው ሰው ጥርጣሬ ነው።

በዚያው ምዕራብ አቅጣጫ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ ወንጪ አለ። ሐይቁ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተራራ አፍ ውስጥ የተኛ ሲሆን፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ከአፋፉ ወደ ውሃው ብዙ ጎብኚ የሚወርደው በእግር ወይም በፈረስ ነው። ሦስት ሜትር የሚረዝመውን ካያክ ፈረስ አይችለውም፤ አየር የሚሞላው ካያክ ግን በከረጢቱ እንደታጠፈ ከኮርቻው ኋላ ይታሰራል፣ ፒክአፑም አፋፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።