የድሮ የእንግሊዝ ነሐስ ፔኒ፦ ዓመቱን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ

የድሮ የእንግሊዝ ነሐስ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመረ ሰው ብዙ ወሬ ይሰማል፤ ግማሹ ውሸት ነው። ዳይ የሚባለው ምስሉን ሳንቲሙ ላይ የሚመታው የብረት ማኅተም ነው። ሲያረጅ ይቀየራል፤ ተተኪው ግን ሁልጊዜ ቁርጥ የፊተኛውን አይመስልም። ጨዋታው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ዓመቱ አንድ ከሆነ ሳንቲሙም አንድ ነው።» በፍጹም። ነሐስ መዳብን በተካበት በ1860 የወጣውን ፔኒ ውሰዱ። መጀመሪያ ጠርዙ ዙሪያውን ዶቃ የመሰሉ ነጥቦች ነበሩት፣ ቆይቶ ጥርስ በመሰሉ ጭረቶች ተተካ። በአንዱ ፊት ዶቃ፣ በሌላው ጥርስ ያለውም አለ፤ የድሮውን ዳይ ከአዲሱ ጋር አጣምረው መትተውት ነው፤ እሱ ብርቅ ነው። ስለዚህ አንድ ፊት ብቻ በፎቶ ልኮ «ይሄ ምንድነው?» ማለት ዋጋ የለውም። የ1902ቱ ፔኒ ላይ ደግሞ ከተቀመጠችው ከብሪታኒያ (የእንግሊዝ ምልክት ከሆነችው ሴት ምስል) ኋላ ያለውን የባሕር መስመር እዩ። መስመሩ እግሮቿ ከተጣመሩበት ቦታ ጋር እኩል ከሆነ ሰብሳቢዎች «ዝቅተኛ ባሕር» የሚሉት ተፈላጊው ዓይነት ነው። ከፍ ካለ የተለመደው ነው።

«ፊደሉ ጎድሏል፣ አዲስ ዓይነት አገኘሁ!» ተረጋጉ። ዳዩ ውስጥ ቆሻሻ ሲሞላ የፊደሉ አንድ ክንድ ሳይወጣ ይቀራል። ሲሰነጠቅም ሳንቲሙ ላይ ቀጭን ጉብታ መስመር ይተዋል። ያ ድካም ነው እንጂ ሌላ ንድፍ አይደለም።

«የጠቆረ ፋርዚንግ (ሩብ ፔኒ) መታጠብ አለበት።» እባካችሁ! ከ1897 እስከ 1918 ፋርዚንግን ሆን ብለው ነው ያጠቆሩት፣ በመጠን ከወርቁ ግማሽ ሶቨሪን ጋር ስለሚቀራረብ ሰው እንዳይታለል። ስታጥቡት የምታጠፉት የፋብሪካውን ሥራ ነው።

«ከዓመቱ ሥር ኤች (H) ያለበት ብርቅ ነው።» ኤች የበርሚንግሃሙ የሂተን ፋብሪካ ምልክት ነው፤ የለንደኑ ሮያል ሚንት (የመንግሥት ሳንቲም ማምረቻ) አልደርስ ሲል ሥራ ይሰጠው ነበር። በ1882 ሮያል ሚንት ማሽኖቹን ለመቀየር ተዘግቶ ነበር፣ ስለዚህ የዚያ ዓመት ፔኒ አብዛኛው ኤች አለው። ብርቁ የሌለው ነው! ይሄን የሚያውቁ አጭበርባሪዎች ደግሞ ኤቿን ፍቀው ይሸጣሉ። ብዙ የተነካካ ሳንቲም ላይም በራሷ ጊዜ ትጠፋለች። ከዓመቱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በሉፕ (በትንሽ ማጉያ መነጽር)፣ ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ እዩት፦ ጭረት፣ ጉድጓድ ወይም ከዙሪያው የተለየ ቀለም ካለ ተዉት። ቁጥሮቹ ራሳቸው ያለቁ ከሆኑማ ኤች አለመታየቷ ምንም አያረጋግጥም፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።