የሚነካና የሚንቀሳቀስ ፕሮቶታይፕ ምንድን ነው?

ፕሮቶታይፕ የሚባለው፣ አንድ የስልክ መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ ገና ኮድ ሳይጻፍለት፣ ተሠርቶ እንዳለቀ ሁሉ በጣት እየተነካ እንዲሞከር የሚያስችል ንድፍ ነው። ቁልፉ ሲነካ ቀጣዩ ገጽ ይመጣል፣ ዝርዝሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይሳባል፤ ከጀርባው ግን መረጃ የሚመዘግብም ሆነ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ነገር የለም። ለዚህ ሥራ ዛሬ በስፋት የሚታወቀው መሣሪያ ዲላን ፊልድና ኢቫን ዋላስ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀመሩት ፊግማ ሲሆን፣ በብራውዘር ላይ ስለሚሠራ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ አንዱን ፋይል መንደፍ ይችላሉ።

ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወደ መሐል ሜዳ ለሚሄድ መንገደኛ ትኬት የሚቆርጥ መተግበሪያ ሊሠራ ታስቧል እንበል። በፊግማ እያንዳንዱ የስልክ ገጽ ፍሬም በሚባል የስልክ ስክሪን መጠን ባለው ሰሌዳ ላይ ይነደፋል፤ አንዱ መነሻና መድረሻን፣ ሌላው መቀመጫዎችን፣ ሌላው ክፍያን ይይዛል። ንድፍ አውጪው «ቀጥል» ከሚለው ቁልፍ ላይ ቀስት ስቦ ከሚቀጥለው ፍሬም ጋር ካገናኘ በኋላ፣ ገጹ የሚቀየረው ሲነካ፣ ሲጎተት ወይስ ጥቂት ጊዜ ሲያልፍ እንደሆነ፣ በምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚቀየርም ይወስናል።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በእንቅስቃሴው ላይ ነው። የእንቅስቃሴ ተግባር፣ ተጠቃሚው የነካው ነገር ወዴት እንደሄደና አዲሱ ነገር ከየት እንደመጣ ማሳየት ነው፤ ይህን የማያሳይ እንቅስቃሴ ምንም ያህል ቢያምር ቢወጣ ይሻላል። ስማርት አኒሜት የተባለው የፊግማ አሠራር በሁለቱ ፍሬሞች ላይ ስማቸው አንድ የሆኑትን ሌየሮች፣ ማለትም ገጹ የተገነባባቸውን እንደ ቁልፍ፣ ጽሑፍና ሥዕል ያሉ ክፍሎች፣ አዛምዶ፣ በቦታ፣ በመጠንና በቀለም ያላቸውን ልዩነት ራሱ ይሞላል። መንገደኛው የመረጠው መቀመጫ በመጀመሪያው ፍሬም «መቀመጫ 12» ተብሎ፣ በሁለተኛው ደግሞ መሣሪያው በሰጠው ስም «ሬክታንግል 47» ሆኖ ከቀረ ግን ዝምድናው አይታወቅም፤ መቀመጫው ወደ ትኬቱ ተንሸራቶ በመግባት ፈንታ ባለበት ይደበዝዝና ሌላ ይተካል። ስለዚህ ሌየሮችን በጥንቃቄ መሰየም የአኒሜሽኑ ግማሽ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍጥነቱም ይመዘናል። የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳስቀመጠው፣ ምላሽ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ከመጣ ተጠቃሚው ወዲያው እንደሆነ ይሰማዋል፤ እስከ 1 ሰከንድ ድረስም የሐሳቡ ሂደት አይቋረጥም። ከዚህ አንጻር ለገጽ ለውጥ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ተስማሚ ነው። ወደ ስክሪኑ የሚገባ ነገር በፍጥነት ጀምሮ ሲደርስ ቢዘገይ ለዓይን ይስማማል።

ነገር ግን ፕሮቶታይፕ ስለ ፍጥነት ሊያሳስት ይችላል፤ ኔትወርክ ስለማይጠብቅ ክፍያው በቅጽበት ያለቀ ይመስላል። ስልኩ ሲግናል በሚያጣበት ገደላማ መንገድ ላይ ያለ ሰው የሚያየውን ለማወቅ፣ «በመጠበቅ ላይ» የሚል ፍሬም መካከል ላይ አስገብቶ፣ ከ3 ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያልፍ ማድረግ ይገባል። ክፍያው ያልተሳካበትንም ፍሬም መንደፍ ግዴታ ነው፤ ሰው ትኬቱ ይቆረጥ አይቆረጥ ሳያውቅ ገንዘቡ የወጣ ከመሰለው መተግበሪያውን ዳግመኛ አይከፍተውም።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው ፕሮቶታይፑ በስልክ ላይ ተከፍቶ በመንገደኞች እጅ ሲገባ ነው። ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው 5 ሰዎች ብቻ ቢሞክሩት አብዛኛው ችግር ይገለጣል። ለምሳሌ የመነሻ ሰዓቱ «6:00» ተብሎ ከተጻፈ፣ ንድፍ አውጪው ንጋት 12 ሰዓት ማለቱ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ መንገደኛ ቀትር 6 ሰዓት ነው ብሎ አውቶቡሱ ሊያመልጠው ይችላል። እንዲህ ያለው ጉድለት በፊግማ ላይ አንድ ጽሑፍ በመለወጥ ይታረማል፤ ኮዱ ከተጻፈ በኋላ ግን የሰዓት ስሌቱን፣ የትኬቱን ጽሑፍና የማስታወሻ መልእክቱን ሁሉ መንካት ይጠይቃል።