«ጀግና ትዳር አይሆንለትም» የሚሉኝ ልጆች

ሐዋሳ ውስጥ ለወጣቶች ሥዕል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሱፐርሂሮ ኮሚክ ከስልካቸው አይለይም። ማንበባቸው ደስ ይለኛል። ስለ ጀግኖቹ ትዳር የሚያወሩት ግን አብዛኛው ስህተት ነው፤ መስማቱ ሰልችቶኛል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ጀግኖች አያገቡም።» ያገባሉ። የባሕሩ ጀግና አኳማን በ1964 ሜራን አገባ። «ፋንታስቲክ ፎር» ከሚባለው ቡድን ሪድ ሪቻርድስና ሱ ስቶርም ከ1965 ጀምሮ ባልና ሚስት ናቸው፤ ወልደዋልም።

«ኮሚክ ድሮም ትዳርን ያቃልላል።» በ1954 የአሜሪካ አሳታሚዎች ያወጡት ደንብ የትዳርን ክብር ጠብቁ፣ በፍቺ አትቀልዱ ይል ነበር።

«የኤክስሜኑ ሳይክሎፕስ ሚስቱን ጂንን አልከዳትም፤ ከኤማ ፍሮስት ጋር የነበረው በሐሳብ ብቻ ነው።» ይሄ ያናድደኛል። የሰው ሐሳብ ማንበብ የምትችለው ጂን ግን ሐሳባቸው ውስጥ ገብታ ስትይዛቸው እንደ ክህደት ነው የቆጠረችው። ልክ ናት። ማታ ማታ በቴሌግራም ከሌላ ሰው ጋር ፍቅር እያወራችሁ «እጇን እንኳን አልነካሁም» የምትሉም ይሄንን ክፍል ደግማችሁ አንብቡ።

ከሁሉም የባሰው ግን ይሄኛው ነው፦ «የስፓይደርማን ትዳር የፈረሰው ጀግንነትና ትዳር አብረው ስለማይሄዱ ነው።»

በፍጹም! ፒተር ፓርከር (ስፓይደርማን ማለት ነው) እና ሜሪ ጄን የተጋቡት በ1987 ነው። ኒውዮርክ ስታዲየም ውስጥ ተዋናዮች ሙሽሮቹን ሆነው፣ ከስፓይደርማን ፈጣሪዎች አንዱ ስታን ሊ እያጋባቸው ሰርጉ በሕዝብ ፊት ተደግሷል። ከዚያ ሃያ ዓመት በትዳር ኖሩ። በ2007 አክስቱ ሜይ በጥይት ተመታች። ሜፊስቶ የሚባል ሰይጣን «ትዳራችሁን ስጡኝ፣ እሷን ላትርፍ» አላቸው። እሺ አሉ። እኩለ ሌሊት እስኪሆን ተቃቅፈው ጠበቁ። ጠዋት ትዳሩ ጭራሽ እንዳልነበረ ሆነ። ማንም ማንንም አልከዳም። ማንም ማንንም አልሰለቸም።

እውነተኛው ምክንያት ያለው ቢሮ ውስጥ ነው። የስፓይደርማን አሳታሚ የማርቭል ዋና አዘጋጅ የነበረው ጆ ኬሳዳ ትዳር ስፓይደርማንን ያስረጀዋል ብሎ ያምን ነበር። ፍቺም ቢሆን የባሰ ያስረጀዋል ብሎ ስላሰበ ነው በሰይጣን ያስፋቁት። ታሪኩን የሣለውም ራሱ ነው። ጸሐፊው ስትራዚንስኪ በአጨራረሱ ስላልተስማማ ስሜ ይውጣልኝ እስከማለት ደርሶ ነበር። ሱፐርማንም ያው ነው፦ ፍቅረኛውን ሎይስን በ1996 አገባ፣ በ2011 አሳታሚው ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጀምር ትዳሩ ጠፋ፣ በ2016 ባለትዳሩ ሱፐርማን ልጁን ይዞ ተመለሰ።

ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ተማሪዬ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ቁጭ ብለው የረጅም ጊዜ ፍቅረኛውን «እኔ ትልቅ ዓላማ አለኝ፣ ስፓይደርማንም አልሆነለትም» ብሏት ተለያዩ። እሷ ኮሚክ አታነብም፤ ምን ብላ ትመልስለት? የኔ ልጅ፣ ማግባት ካልፈለግህ አልፈልግም በላት። ሥራ በዝቶብህ ከሆነም ሥራ በዝቶብኛል በል። እሷም ቁርጧን አውቃ ትወስን። ትዳር ከሥራ ጋር እንዴት እንደሚሄድ በኮሚክ ማየት የሚፈልግ ደግሞ በ2006 የተጋቡትን፣ ሁለቱም ጀግና የሆኑትን ሉክ ኬጅንና ጄሲካ ጆንስን ያንብብ። ሕፃን ይዘው፣ «ዛሬ ማን ይውጣ፣ ማን ከልጅቷ ጋር ይቅር» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ።