የመዥገር ትኩሳት በጎንደር አካባቢ፦ አለያየቱና ጥናቱ

ጎንደርና ዙሪያዋ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ መሆኑን ነው። መዥገር ነክሶት እንደሆነ የሚጠይቀው የለም ማለት ይቻላል። ለእረኛ፣ ከከብቶቹ ጋር ለሚያድር ገበሬና ወደ መተማ ቆላ ለቀን ሥራ ለሚወርድ ወጣት ግን መጀመሪያ መቅረብ ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው።

በአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት የሚያመጣው ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ አምብሊዮማ በተባሉት ጀርባቸው ባለ ቀለም፣ አፋቸው ረጅም በሆኑ መዥገሮች ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሙሉ ዘረመሉ የታተመው ዝርያ የተገኘው በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ መዥገር ነበር። ታማሚው እዚሁ አገር ሳይታወቅ መቅረቱ የሚያስቆጨው ለዚህ ነው።

ሕመሙ ከተነከሱ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ በትኩሳት፣ በከባድ ራስ ምታትና በማጅራት ሕመም ይጀምራል። መለያው ንክሻው ላይ የምትቀረው ጥቁር ቅርፊት ናት፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ ትሆናለች። አጠገቧ ባለው ብሽሽት ወይም ብብት ንፍፊት ይወጣል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ዙሪያዋ መቅላቱ ስለማይታይ ታማሚው ልብሱን አውልቆ ከጉልበቱ ኋላ፣ ብሽሽቱና ወገቡ በጣት ጭምር መዳሰስ አለበት። ይህን ያልፈተሸ ባለሙያ ቅርፊቷን አያገኛትም።

ላቦራቶሪው ብዙም አያግዝም። የታይፈስ ምርመራ ተብሎ የሚሠራው ዋይል ፊሊክስ በመጀመሪያው ሳምንት ፀረ እንግዳ አካል ስላልተመረተ ሕመሙን ይስታል፤ በሌላ በሽታ ምክንያትም ያለ ሕመሙ "አለ" ሊል ይችላል። የተሻለው ከቅርፊቷ ሥር የሚወሰድ ናሙና በፒሲአር (የጀርሙን ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ) ሲታይ፣ ወይም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት የደም ናሙናዎች የፀረ እንግዳ አካል የ4 እጥፍ ጭማሪ ሲያሳዩ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ሕክምናው አይዘገይም፦ ለአዋቂ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ7 ቀን። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ሐኪም ይወስናል።

ከዚህ የሚለየው በደጋው የሚታወቀው ግርሻ ነው። እሱን የሚያመጣው የሰውነት ቅማል የሚያስተላልፈው ቦሬሊያ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት በተወሰደ የደም ስላይድ ላይ በጂምሳ ቀለም ይታያል። መድኃኒቱ በተሰጠ ሰዓታት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከዚያም የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል ታማሚው ወዲያው ወደ ቤቱ አይላክም።

መዥገርን በክብሪት ማቃጠል ወይም ቅቤና ላምባ መቀባት አይገባም፤ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ይበቃል። በጣት መጨፍለቅ ደሙን ከቁስል ጋር ያገናኛል፤ ክራይሚያን ኮንጎ የተባለው ደም የሚያፈስ ትኩሳትም በዚህ መንገድ ይይዛል።

ለጥናት መዥገሩ 70 በመቶ አልኮል ባለው ብልቃጥ ይቀመጣል፤ የአንዱ ከብት ከሌላው አይቀላቀልም። ቦታው፣ ቀኑና የተነቀለበት የአካል ክፍል (ጡት፣ ጆሮ፣ ጭራ ሥር) በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይገባል። ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ስለሚሟሟ ናሙናው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይቀራል።