ስለ ዝርዝር ጽሑፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማወቅ ያለብዎት 10 ነገሮች»፣ «ሊጎበኙ የሚገባቸው 7 ስፍራዎች» የሚል አርእስት የያዙ ጽሑፎችን ሳርም ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን የአጻጻፍ ስልት እወደዋለሁ፤ ስለ እርሱ የሚነገሩ አንዳንድ አባባሎች ግን ያንገበግቡኛል።

«ዝርዝር ጽሑፍ ኢንተርኔት የወለደው ነው።»

ከኢንተርኔት ይቅርና ከወረቀትም ይቀድማል። በደቡብ ኢራቅ፣ በጥንታዊቷ ኡሩክ ከተማ፣ ከ5000 ዓመት በፊት በሸክላ ላይ ከተጻፉት ጽሑፎች አንዱ የሹመትና የሙያ ስሞች ዝርዝር ነው፤ ጸሐፍትም ለብዙ መቶ ዓመታት ገልብጠውታል። ግን እስከዚያ ድረስ ምን አስኬደን? የእኛው መልክእ የተባለው የግእዝ የምስጋና ግጥም ዝርዝር ካልሆነ ምንድን ነው? ደራሲው ቅዱሱን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እየዘረዘረ ያመሰግናል። «ሰላም ለዝክረ ስምከ» ብሎ ከስሙ ይነሣና ወደ ጠጉሩ፣ ወደ ገጹ፣ ወደ ሽፋሽፍቱ፣ ወደ ዓይኑ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዱም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቤት የሚመቱ አምስት መስመሮች ይሰጠዋል። መልክእ የሚደግም ሰው ከዓይን ቀጥሎ ጆሮ እንደሚመጣ ያውቃል፤ የሚጠብቀው ደራሲው ስለ ጆሮ ምን እንደሚል ነው። ተርታው አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ የደራሲው ችሎታ በየአንጓው ይፈተናል። ይህን ያህል ጥበብ የተሸከመን ቅርጽ የትናንት ፈጠራ ማለት የራስን ጓዳ አለማወቅ ነው።

«ተራ ቁጥር ደረጃ ነው።»

በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የኢኳዶር ጋላፓጎስ ደሴቶች ቁጥር 1፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ቁጥር 9፣ ላሊበላ ደግሞ ቁጥር 18 ነው። ይህን ያየ ሰው «ላሊበላን እንዴት 18ኛ ያደርጉታል?» ብሎ ሊቆጣ ይችላል። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቅርሶች መካከል ናቸው፤ ቁጥሩም የመዝገብ ቁጥር እንጂ የመበላለጥ ምልክት አይደለም። ደረጃ የሚያወጣ ጸሐፊ በምን መለኪያ እንዳወጣ በመግቢያው ሊነግረን ይገባል።

«በዝርዝሩ ያልገባ ነገር ያነሰ ነው።»

ላሊበላን «ስምንተኛው የዓለም ድንቅ» ስንል ሰባቱን አንድ ጉባኤ ተቀምጦ የመረጣቸው ይመስለናል። ሰባቱን የቆጠሩት በየዘመናቸው የግሪክ ጸሐፊዎች ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ አልተስማሙም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በሲዶናው አንቲጳጥሮስ ስም የሚታወቀው ግጥም የባቢሎንን ቅጥር ይቆጥራል፤ የእስክንድርያው የመርከብ መብራት ማማ በዘመኑ ቆሞ ሳለ አልጠራውም። ኋላ ላይ ማማው ገባ፣ ቅጥሩ ወጣ። 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ከዚያ ግጥም ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይተው የተፈለፈሉ ናቸው፤ እነዚያ ጸሐፊዎች እንዴት ሊቆጥሯቸው ይችሉ ነበር? ላሊበላ ስምንተኛ ለመባል የማንንም ዝርዝር ደጅ መጥናት አያስፈልገውም።

«ሰው ከ7 ነገር በላይ ስለማያስታውስ ዝርዝርም ከ7 አይለፍ።»

መነሻው የሥነ ልቦና ሊቁ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው ጽሑፍ ነው። እርሱ የተናገረው ሰው አንድ ጊዜ የሰማውን ወይም ያየውን ወዲያውኑ መልሶ ስለ መናገር ነበር። ዝርዝር ጽሑፍ ግን አንባቢው ፊት ተዘርግቷል፤ የረሳውን ተመልሶ ያየዋል።

«ዝርዝር መጻፍ ቀላል ነው።»

አንድ ጊዜ ስለ ቡና አፈላል ባለ 10 ነጥብ ጽሑፍ ደረሰኝ። በሦስተኛው ነጥብ ቡናው ተወቅጧል፤ በአምስተኛው ገና ይቆላል። «ጥሩ ጀበና መምረጥ» እና «የጀበናውን ጥራት ማረጋገጥ» ሁለት ነጥብ ሆነዋል፤ «ቡናውን በፍቅር ማፍላት» የሚለው ደግሞ ቁጥር ከመሙላት በቀር ሥራ አልነበረውም። በተራ ድርሰት ውስጥ ቢሆን «ከዚህም በተጨማሪ» የሚለው ሐረግ ይህን ሁሉ ይሸፍነው ነበር። በዝርዝር ውስጥ መሸሸጊያ የለም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ቆሞ ይታያል። መቁላቱን ከመውቀጡ አስቀደምኩ፣ ሁለቱን ጀበናዎች አንድ አደረግሁ፣ ትርፉን አወጣሁ። ጸሐፊዋ «10 ካልሞላ ማን ያነበዋል?» ብላ ለመነችኝ። ጽሑፉ በ8 ነጥብ ታተመ።