«ሼፐርድ» የሚባለው ውሻ ምንድን ነው?

በጅማ የቡና መጋዘኖችንና ትልልቅ ግቢዎችን ሲጠብቅ የሚታየው፣ ጆሮው የቆመና ጀርባው ጠቆር ያለ ትልቅ ውሻ በብዙዎች ዘንድ «የፖሊስ ውሻ» ወይም በአጭሩ «ሼፐርድ» ይባላል። ሙሉ ስሙ ጀርመን ሼፐርድ፣ ማለትም የጀርመን እረኛ ውሻ ሲሆን፣ ዘሩ ዘበኛ ከመሆኑ አስቀድሞ የነበረውን ሥራ በትክክል ይናገራል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን፣ በቱሪንገንና በቩርተምበርግ አካባቢዎች፣ የበግ መንጋ የሚሰማራው አጥር በሌላቸው የእህል ማሳዎች መካከል ነበር። ስለዚህ የውሻው ዋና ተግባር ሰብሉን ከበጎቹ መጠበቅ ነበር፤ በማሳውና በግጦሹ ድንበር ላይ ባለው ፈር ከጠዋት እስከ ማታ በሶምሶማ ይመላለሳል፣ አንዲት በግ አንገቷን ወደ እህሉ ስታሰግግም ደርሶ ይመልሳታል። በጅማ ዙሪያ በቆሎ በሚያሸትበት ወቅት ከብቶቹን ይዞ በማሳ ዳር የሚውል ልጅ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የእረኛ ውሾቹ መልክ ግን በየአካባቢው ይለያይ ነበር። አንድ ዘር እንዲሆኑ ያደረገው ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1899 በካርልስሩኸ በተካሄደ የውሾች ትርኢት ላይ ሄክቶር የተባለ ውሻ ገዛ፣ ስሙንም ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ለወጠው፤ በዚያው ወር የዘሩን ማኅበር ሲመሠርት ሆራንድ በመዝገቡ ላይ 1ኛ ሆኖ ሰፈረ። ሽቴፋኒትስ ከመልክ ይልቅ ለሥራና ለብልህነት ቅድሚያ መስጠቱ፣ በእኔ እምነት፣ ለዘሩ ያተረፈለት ትልቁ ውለታ ነው።

የበግ እርባታው እየቀነሰ ሲሄድ ሽቴፋኒትስ ውሻውን ለፖሊስና ለጦር ሠራዊት አስተዋወቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መልእክት አደረሰ፣ ቁስለኛም ፈለገ፤ በ1916 ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮችን ለሚመሩ ውሾች ማሠልጠኛ በኦልደንቡርግ ተከፈተ። በብሪታንያ ግን በጀርመን ላይ ከነበረው ጥላቻ የተነሣ እስከ 1977 ድረስ «አልሴሺያን» ሲባል ቆየ።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላልና ዛሬ ከእርሱ የሚጠበቀው ጩኸት ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እንዲመላለስ የተመረጠ እንስሳ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ሲውል ማየት ያሳዝናል። በጅማው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ የማውቀው ሼፐርድ በአጥሩ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲመላለስ ተለቋል፤ ሣሩ በእግሩ አልቆ ቀይ አፈር የወጣበት፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ቀጭን መስመር ከአጥሩ ጎን ተዘርግቷል።